እኩል የተራራቁ ቀኖች

አማን፣ ሽሜሳኒ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም በላይ ባለው ፎቅ፣ ከሐበሻ አገር ሠራተኛ የሚያስመጣ ቢሮ፣ በእነሱ አፍ መክተብ፣ ነበረ። ባለቤቱ ኡስታዝ ኢሳ ይባላል። ሙሉመቤት ጸሐፊውም አስተርጓሚውም ነበረች፤ ሲከፋው የሚሰድባት፣ ሲደላው "ልጄ" የሚላት እሷን ነው። ስሟ ለምላሱ ስለከበደው ሙና ብሎ አሳጠረው፤ እሷም ሙና ሲሏት ቀና ማለት ከለመደች ቆይታለች።

የመጣችው በዚሁ መክተብ ነው። እንደ ማንኛዋም ልጅ የሰው ቤት ገብታ ወለል ወልውላለች፣ የሰው ልጅ አቅፋ አስተኝታለች፣ ማዳም በንዴቷ ጊዜ ጫማ ወርውራባታለች። ለማዳም ልጅ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛለት አሮጌውን ወደ ሙሉመቤት ክፍል ጣሉት፤ የእሷ ክፍል የዕቃ ማስቀመጫም ነበርና። እየነካካች፣ እየተሳሳተች፣ ኤክሴል የሚባለውን ሠንጠረዥ ቻለችበት። ከመወልወያ ያላቀቃት እሱ ነው። ሆሳዕና ያሉት እናቷ "ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው" ሲሉ ያልሰማ የጸሎት ቡድን አልነበረም። ሙሉመቤትም ያቺን ወንበር እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቃት ነበር፤ ወንበሯን ከሚነካባት ሰው ይልቅ እሷን ራሷን ቢመቷት ትመርጣለች።

መክተቡ ብዙ ልጆች የሚልክበት ቦታ፣ ከአማን ወጣ ብሎ ሳሃብ ያለው ላውንደሪ ነው። የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ እዚያ ይታጠባል፣ ይነጣል፣ ይተኮሳል። ሙቀቱ ሲገባ የኸሊጅ፣ የባሕረ ሰላጤው አገር፣ ሰዎች ከነቤተሰባቸው አማንን ይሞሏታል፤ ሆቴሎቹ ይጨናነቃሉ፤ ላውንደሪው ማረፍ ይተዋል። ልጆቹ የሚሠሩት ምድር ቤት ነው። በዚያ ሰሞን መስኮቶቹን ይዘጓቸዋል፤ የሳሃብ አቧራ ነጩ አንሶላ ላይ እንዳያርፍ ነው። የበረኪናው ሽታ ግን አብሮ ይዘጋባቸዋል።

በነሐሴ ሰዒዳ የምትባል ልጅ ከሳሃብ ተመልሳ መጣች። ልብሷን በፌስታል ይዛ ከመክተቡ በር አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ስታወራ ሰው በሩን በጥፍሩ የሚፍቅ ይመስላል።

"እህት ሙሉ፣ መስኮቱን ይከፈት በይልን" አለች። "እኔስ ወጣሁ። እዚያ ያሉት ግን ሰሞኑን አንድ በአንድ እየወደቁ ነው።"

"በረኪና አዲስ ነገር ነው? እኔም ስንት ዓመት አሽትቻለሁ" አለቻት ሙሉመቤት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ይልቅ ፓስፖርትሽን አምጪ።"

ሰዒዳ ፓስፖርቷን ሰጠች። ሌላ የምትለው ነበራት፤ ሳል ቀደማት።

ሰዒዳ አገሯ ስትገባ አፏን አልዘጋችም። ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና መርካቶ ያለው ደላላ፣ ዳምጠው፣ ደወለ። መክተቡ ልጆቹን የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው።

"ሙልዬ፣ ወላጆች እየፈሩብኝ ነው" አለ። "ባዶ አፌን ማንም አያምነኝም። እስቲ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው፣ ቀለም ያለው፣ የተማረ ሰው የሠራው የሚመስል ነገር ላኪልኝ። ታመው የተመለሱት ኢምንት መሆናቸውን የሚያሳይ።"

ሙሉመቤት ቻርት መሥራት ትወዳለች። ልጆቹ የታመሙበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገብታ፣ ለየቀኑ አንድ ሰማያዊ ቋሚ መስመር እያቆመች አወጣችው። ቋሚዎቹ ግን አላማሩም። ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም ባዶ መስመር ሄዶ ሄዶ፣ የሙቀቱ ወራት ላይ ሲደርስ ተፋፍገው ቆሙ፤ ከሥራቸው የተጻፉት ቀኖችም እርስ በርሳቸው ተደራርበው የሚነበብ ጠፋ። ኢሳ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አየው።

"ሹ ሃዳ፣ ምንድን ነው ይህ፣ ያ ሙና? ይህን ያየ ወላጅ ልጁን ይሰጣል? ወረርሽኝ እኮ ነው የሚመስለው።"

ወረርሽኝ ነበር። ግን እሷም እሱም ይህን አላሉም።

ዳምጠው የፈረንጅ ቀን አይገባውምና ሙሉመቤት ቀኖቹን ወደ አገርኛ መልሳ፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ ስለማይጽፍ፣ በላቲን ፊደል ጻፈቻቸው፤ ጥቅምት ይህን ያህል፣ ሐምሌ ያን ያህል እያለች። ወዲያው ቻርቱ ተለወጠ። ቋሚዎቹ ከተፋፈጉበት ወጥተው፣ የተተከለ አጥር ይመስል፣ እኩል ተራርቀው ቆሙ። ባዶው ጊዜ የለም። ክፉው ሰሞን የለም። ሲያዩት ዓመቱን ሙሉ አንዳንዴ አንዲት ልጅ ጉንፋን ብጤ ይዟት የተመለሰች ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለራሷም አልገባትም ነበር። የፈረንጅ ቀን ሲሰጡት ኤክሴል ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ማንም ያልታመመበትን ወር ባዶውን ይተወዋል፣ ብዙ የወደቁበትን ሳምንት ያጨናንቀዋል። "ሐምሌ" ሲሉት ግን ሐምሌን ከየት ያውቀዋል? እንደ ተራ ስም ይቆጥረዋል፤ ስሞችን ደግሞ በእኩል ርቀት ይደረድራል።

"ይህ! ይህ ነው!" አለ ኢሳ። "ምን አደረግሽው?"

"የሐበሻ ካላንደር አስገባሁበት።"

"አላህ ካላንደራችሁን ይባርክ!" ብሎ እየሳቀ ከራሱ የቸኮሌት ሣጥን አንድ አነሳና ሰጣት።

ሙሉመቤት ነገር ሳይገባት መተው አትወድም። ምሳ ሰዓት ላይ ለሙከራ የፈረንጁን ቀን መልሳ የቻርቱን ማስተካከያ ከፍታ ስትበረብር፣ ስለታችኛው መስመር የሚጠይቁ ሦስት ትንንሽ ክቦች አገኘች። የመጀመሪያው "እኔ ልወስን" ይላል፣ መሐለኛው "እንደ ስም ደርድር"፣ የታችኛው "እንደ ጊዜ ደርድር"። አንዱን ስትጫን ይሰበሰባሉ፤ ሌላውን ስትጫን ይበተናሉ። ያን ጊዜ ገባት። ያስደሰታት ነገር ስህተት መሆኑን ዐወቀች። ዐውቃም የአገርኛውን ቀን መለሰችና መሐለኛውን ክብ ተጫነች፤ ነገ ማንም ቀኑን ቢለውጠው እንዳይሰበሰብ ብላ። ከዚያም የአንድ ሰሞን ቀን መደጋገሙ እንዳያስታውቅ፣ ከሥር ያሉት ቀኖች በሙሉ ይታዩ ዘንድ አልወደደችም፤ በግራ ጫፍ የመጀመሪያዋን፣ በቀኝ ጫፍ የመጨረሻዋን ብቻ አስቀርታ መሐሉን ባዶ አደረገችው። ከሁሉም በታች በትንንሽ ፊደል "አዘጋጅ ሙሉመቤት" ብላ ጻፈች። ይህን ማንም አላዘዛትም፤ ኩራት ነው ያጻፋት።

ሰዒዳ ትዝ አላለቻትም አይባልም። ብላለች። "ሆድ ይፍጀው" ብላ ላከችው።

ሙቀቱ አልፎ፣ የአማን ብርድ መጥቶ ሄደ። ልጆች እንደ ድሮው መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን እናቷ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ደወሉ።

"ዳምጠው ቢሮ ነኝ" አሉ፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። "ግድግዳው ላይ ያንቺን ሥራ አየሁት። ስምሽን አብሮኝ የመጣው ጎረቤታችን አነበበልኝ። ያንን ስዕል በእጄ ስዳብሰው እንባዬ መጣ። ኤፍራታን አስመዝግቤያታለሁ፤ ያቺ ሳሃብ የምትባለው ጋ ነው አለኝ።"

ሙሉመቤት ከወንበሯ ተነሳች። ኤፍራታ የመጨረሻ እህቷ ናት፤ በልጅነቷ ጀርባዋ ላይ ያሳደገቻት። አስም ባይባልም ብርድ ሲነካት ደረቷ ሲር ሲር የሚል ልጅ።

"እማዬ፣ እሷ ትቆይ። ለእሷ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ።"

"ለምን? ቦታው ክፉ ነው እንዴ?" አሉ እናቷ። ደስታው ከድምፃቸው ሸሸ። "አንቺ የጻፍሽውን አይቼ ነው እኮ። ውሸት ነው?"

ኢሳ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። አማርኛ አይሰማም፤ ግን ፊት ማንበብ ያውቃል። እናቷም መልስ እየጠበቁ ነው፤ ከጀርባቸው የወላጆች ጫጫታ ይሰማል። ለነዚያ ወላጆች እናቷ "የኔ ልጅ ናት የሠራችው" ብለው እንዳወሩ ለሙሉመቤት አልጠፋትም።

"አይደለም" አለች። "እውነት ነው።"

ያንን ቃል ያወጣው የራሷ አፍ ነው፤ ሌላ የሚከሰስ የለም።

ኤፍራታ ከሌሎች ልጆች ጋር በሰኔ መጣች። መክተቡ ውስጥ በረድፍ አስቀመጧቸው። አጠገቧ ኸውላ የምትባል የስልጤ ልጅ ነበረች፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ኤፍራታ ስታለቅስ እጇን ይዛ ያበረታቻት፣ ደመና እንድታይ ብላም የመስኮቱን ወንበር የለቀቀችላት እሷ ናት። ሙሉመቤት እህቷን አቅፋ ስትስም ኸውላ አብራ እንባዋን ጠረገች።

ኢሳ የጠፋ ከብት እንደሚፈልግ ሰው ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸውና አረብኛ የምትችል ካለች ጠየቀ። ኸውላ መድረሳ የተማረችውን አረብኛ፣ ያንን የመጽሐፉን፣ ብድግ ብላ ተናገረችለት። ኢሳ በሳቅ ፈረሰ። ሻይ የምታፈላ፣ ቢሮ የምትጠርግ ልጅ ይፈልግ ነበርና "ይህቺ እዚህ ትቅር፤ ታስቀኛለች" አለ። "የቀሩት ሳሃብ።"

ሙሉመቤት ተከትላው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።

"ኡስታዝ፣ አንዷ እህቴ ናት። ሳሃብ አትሂድብኝ።"

"ሳሃብ ምን አለ?" አለ ኢሳ። ከጠረጴዛው ላይ ባለቀለሙን ወረቀት አነሳና አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። "ያንቺ ሥራ አይደለም? እኔ እኮ ባንቺ አምኜ ነው ለላውንደሪው ባለቤት ጭምር የላክሁት። አሁን መጥፎ ነው ካልሽኝ ያኔ ዋሽተሽኛል ማለት ነው፤ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ቢሮዬ አላስቀምጥም።" ሜራሚያ የሚሉት ቅጠል የገባበትን ሻዩን ፉት አለ። ስለ መስኮቱም ስለ በረኪናውም ከእሷ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። "ደግሞ ቁጥሩን ቃል ገብቻለሁ። አንዷን ካወጣሽ ሌላ አግቢ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።"

ሙሉመቤት በመስተዋቱ በር በኩል አየች። ኸውላ ለኤፍራታ ጸጉር እየሠራችላት ነው። ከጉዞው የተበታተነውን እየፈታች፣ እየጎነጎነች፣ የሆነ ነገር እያጫወተቻት ታስቃታለች።

"ያቺ አረብኛ የምትችለው" አለች ሙሉመቤት "እጀ ረጅም ናት። ከአገሯ ጀምሮ ይታወቃል፤ ደላላው ነግሮኛል። ቢሮ ውስጥ ብትቀር ዕቃ ይጠፋል።"

ኢሳ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አላመናትም። ደስ ግን አለው፤ ከእንግዲህ እሷም እንደ እሱ መሆኗን ዐውቋልና።

"እንግዲያው እሷ ትሂድ" አለ። "ያላ።"

ኸውላ ሻንጣዋን አንስታ ወደ ሚኒባሱ ስትሄድ አልከፋትም። በር ላይ ቆም ብላ "እህት ሙሉ፣ ጥሩ ቦታ ነው አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"ጥሩ ነው።"

"አላህ ይስጥልኝ። ኤፍራታን አደራ፤ ሳትበላ ነው የመጣችው።"

ሙሉመቤት አደራውን ተቀበለች። እስከ ዛሬ ከተቀበለቻቸው አደራዎች ሁሉ ያንን ብቻ ነው በትክክል የጠበቀችው።

ኤፍራታ መክተቡ ውስጥ ቀረች። ጠረገች፣ ሻይ አፈላች፣ ሥራ ሲቀል ከእህቷ አጠገብ ተቀምጣ ኮምፒውተር ትማር ጀመር። "የአረብ አገር ሰው ልብ ወለል ሲጠረጉ አይገኝም" ትላት ነበር ሙሉመቤት፤ "ይህን ከቻልሽ ማንም ጫማ አይወረውርብሽም።" ኤፍራታ ፈጣን ናት፤ አንድ ጊዜ ያሳዩዋትን ሁለተኛ አትጠይቅም። ዓርብ ዓርብ ኸውላ ከሳሃብ ትደውልላታለች። መጀመሪያ ላይ ሳቋ ክፍሉን ይሞላው ነበር። ሙቀቱ ሲገባ ሳቁ ቀርቶ ወሬ ብቻ ሆነ፤ ወሬውም እያጠረ፣ በሳል እየተቆረጠ ሄደ። "መስኮቱን ዘጉት" አለቻት አንድ ዓርብ። በሚቀጥለው ዓርብ አልደወለችም።

ሳሃብ ላይ ኸውላ በአንሶላ ክምር መሐል ወድቃ ተገኘች። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። የዚያን ቀን ላውንደሪው አልተዘጋም፤ ሆቴሎቹ አንሶላ ይፈልጉ ነበር።

ኤፍራታ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷም እንባ አልነጠፈም። ሙሉመቤት ውሃ እያቀረበች፣ ጀርባዋን እያሻሸች አጠገቧ ተቀመጠች። ውስጧ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፤ ኤፍራታ አለች፣ ኤፍራታ ትተነፍሳለች። በዚህም ደስ አላት። ደስታዋን ጠላችው፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ብዙ ሳይቆይ ከሆቴሎቹ አንዱ ነገሩን ሰምቶ ላውንደሪውን መግለጫ ጠየቀ። ላውንደሪው ኢሳን ጠየቀ። ኢሳም ሙሉመቤትን ጠራ።

"ያንን ስዕል አድሺው። የዘንድሮዎቹን ጨምሪ፤ ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ ሆቴሎች የእናንተን አይረዱም። ባለቀለሙን ለዳምጠውም እንልካለን።" ከዚያ ጣቱን አነሳ። "የሞተችዋን እንዳታስገቢ። ርእሱ ታመው የተመለሱ ነው የሚለው። እሷ አልተመለሰችም።"

ሙሉመቤት አሮጌውን ፋይል ልትከፍተው ብትሞክር ተበላሽቶ እምቢ አለ። እንደ አዲስ መሥራት ነበረባት፤ ስልክ ደግሞ አላስቀምጥ አላት። "ከደብተሬ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ቀይሪና አስገቢልኝ፤ ቻርቱንም አውጪው፤ እንዳሳየሁሽ" አለቻት ለኤፍራታ። ወደ ስልኩ ዞረች።

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ኤፍራታ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ስክሪኑን እያየች ነበር። ቋሚዎቹ ሁለት ቦታ ተፋፍገው ቆመዋል፤ ባለፈው ዓመት ሙቀት አንድ፣ በዘንድሮው ሙቀት አንድ። በመሐላቸው ጥቂት ብቸኛ ቋሚዎች ቆመዋል፤ የቀረው ባዶ ነው።

"እትዬ" አለች። "ሁሉም ባንድ ሰሞን ነው እንዴ የሚታመሙት?"

"ፎርማቱ ነው። አሁን አስተካክለዋለሁ።"

"የቷ ናት ኸውላ?"

ሙሉመቤት መልሱን በልቧ ሦስት ዓይነት አድርጋ አየችው። አንዱም አልተሻለም።

"ኸውላ የለችበትም" አለች። "ይህ የተመለሱት ነው።"

ኤፍራታ ተፋፍገው ወደቆሙት የመጀመሪያዎቹ ቋሚዎች፣ ወደ ባለፈው ዓመት፣ ጣቷን ዘረጋች። "ይህን እኛ ከመምጣታችን በፊት ታውቂ ነበር። እማዬ ዳምጠው ቢሮ ያየችው ስዕል ይህ ነው?"

"ይህ ነው። ሌላ መልክ ነበረው።"

"እኔ ነበርኩ መሄድ የነበረብኝ። አይደል?"

"አዎ።"

"እሷስ?"

"እዚህ ልትቀር ነበር። ሌባ ናት አልኩት።"

ኤፍራታ አላለቀሰችም። ሙሉመቤት ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ ብላ ጠበቀች፤ ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። ከውስጠኛው ክፍል ኢሳ "ያ ሙና፣ ወረቀቱስ የት አለ?" ብሎ ተጣራ። ኤፍራታ የኢሳን በር አየች፣ መወልወያው የቆመበትን ጥግ አየች፣ ከዚያ ማውሱን ያዘች።

"የቱን ነው የምጫነው?"

"ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ።"

"የቱን ነው?"

"ከሦስቱ ክቦች መሐለኛውን" አለች ሙሉመቤት።

ኤፍራታ ተጫነች። ቋሚዎቹ ተበትነው እኩል ተራርቀው ቆሙ። ለአፍታ አየቻቸውና፣ ማንም ሳያሳያት፣ ከሥር ያሉትን ቀኖች ታጠፋ ጀመር። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ አስቀረች። ሙሉመቤት ይህን ለማግኘት አንድ ምሳ ሰዓት ሙሉ ፈጅቶባት ነበር፤ ልጅቱ ሻይ እስኪቀዳ ድረስ እንኳ አልወሰደባትም።

"ከሥር ስም ይገባል አይደል?" አለች ኤፍራታ።

ሙሉመቤት እጇን ወደ ማውሱ ዘረጋች። እህቷም መልስ አልጠበቀችም። በትንንሽ ፊደል "አዘጋጅ ኤፍራታ" ብላ ጻፈች፣ አተመችው፣ ወረቀቱንም ገና እንደሞቀ አነሳችው።

"እማዬ ስታየው ደስ ይላታል" አለች። ፊቷን ሳታዞር ወደ ኢሳ ክፍል ይዛው ገባች።